ከወጣትነቱ ጋር የተነጋገረው አባት



የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ የዘፈን አልበም ነው። «የመድረሳ አስተማሪን ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ገና ከመነሻው በብዙዎቻችሁ ልቦና እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ይሁን እንጂ የአልበሙ ባለቤት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ድምፁን እየሰማሁ የኖርኩት፣ ስሙንም በደርስ መሀል ደጋግሜ ያነሳሁት ሰው ነው። ስለ እርሱ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ታሪክ ግማሹ ብቻ እንደነበረ ያሳወቀኝም ይኸው አልበም ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፉን አልወደድኩም።

ዩሱፍ ኢስላምን የተዋወቅሁት በ1990 ዓ.ም አካባቢ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከጅዳ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ልጅ ይዟት በመጣት ካሴት ነው። ካሴቷ «የመጨረሻው ነቢይ ሕይወት» የምትል ስትሆን የወጣችው በ1995 ነው (ዓ.ም ካላልኩ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው በረጋ ድምፅ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ በእንግሊዝኛ ይተርካል፤ «ጠለዐል በድሩ»ንም ያዜማል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛችን ግማሹን ብንሰማ ነው። ቢሆንም ክሯ እስኪሳሳ ድረስ አዳመጥናት። በተጠመጠመች ቁጥር በእስክሪብቶ እያጠነጠንን እንደገና ቴፑ ውስጥ እንከታት ነበር።

ወጣት አንባቢያን ላያውቁት ስለሚችሉ ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። ሰውየው በ1948 ለንደን ውስጥ ከቆጵሮስ ግሪካዊ አባትና ከስዊድናዊት እናት ተወለደ። ወላጆቹ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ያደገውም ከምግብ ቤቱ በላይ ባለው ቤት ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ «ካት ስቲቨንስ» በሚል የመድረክ ስም ታዋቂ ዘፋኝ ሆነ። በ1969 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ከመድረክ ርቆ ባገገመባቸው ወራት ስለ ሞትና ስለ ነፍስ ማሰብ ጀመረ። በዓመቱ፣ በ1970፣ «ቲ ፎር ዘ ቲለርማን» የተባለው አልበሙ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያም ዝናው ገነነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በማሊቡ የባሕር ዳርቻ ሲዋኝ ማዕበል ወስዶት ሊሰጥም ሲል ፈጣሪውን ተማጽኖ እንደዳነ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ወንድሙ የቁርኣን ትርጉም ሰጠው። ሱረቱ ዩሱፍን ባነበበ ጊዜ ልቡ ተነካ። በ1977 መጨረሻ ላይ ሸሃዳ ያዘ፤ ስሙንም ዩሱፍ ኢስላም አለ። ከዚያም ጊታሮቹን ሸጦ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት አዋለ። ከዘፈኑ ዓለም ወጥቶ ትዳር ያዘ፤ በ1983ም ለንደን ውስጥ የሙስሊም ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ።

እኔ ለዓመታት ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። «እዩት! ዓለም ሁሉ በእጁ የነበረ ሰው ጊታሩን ሸጦ ወደ አላህ (ሱ.ወ) ተመለሰ፤ እናንተስ?» እላቸዋለሁ፤ ይህን ብዬ መጽሐፌን አጥፋለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ኡስታዝ፣ ያ ጊታሩን የሸጠው ሰውዬ እኮ ሌላ ጊታር ገዝቷል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» አልኩና አለፍኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኩን አንስቼ አላውቅም።

ልጁ ግን እውነቱን ነበር። ዩሱፍ በ2006 «አን አዘር ካፕ» የተባለ አልበም አውጥቷል። ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀድሞው ዓይነት ዘፈን የተመለሰበት ሥራ ነው። እንደሚተርከው ከሆነ ጊታርን ወደ ቤቱ የመለሰው ወንድ ልጁ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በተኛበት ሰዓት አንስቶ ሲሞክረው ጣቶቹ አልረሱትም ነበር። ለምን እንደገና እንደያዘውም በ2014 ባወጣት አነስተኛ መጽሐፍ ምክንያቱን ዘርዝሯል።

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር። አብዛኞቹ ዑለማዎች የክር መሣሪያዎችን ከልክለዋል፤ የፈቀዱም አሉ። እኔ የቀራሁት በከለከሉት ዘንድ ነው፤ በመድረሳዬም ከዱፍ በስተቀር አይመታም። ይህ ጽሑፍ ግን ፈትዋ አይደለም፤ ለፈትዋ ባለቤት አለው። ይህ የአንድ የቆየ አድማጭ ትዝብት ነው።

አልበሙ «ቲ ፎር ዘ ቲለርማን 2» ይባላል፤ በሴፕቴምበር 2020 ወጣ። ዩሱፍ ከዚያ በኋላም በ2023 ሌላ አልበም አሳትሟል። ወደ እኔ ጆሮ የደረሰው ግን ይኸኛው ነው፤ እርሱም ዘግይቶ፣ በቅርቡ ነው። አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ትልቋ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባ፣ የካሴቱ ሰውዬ እኮ ሸምግሏል፤ ትሰማዋለህ?» አለችኝ። «ጊታር አለው?» አልኳት። «አለው» አለች። ጥቂት ዝም ብዬ፣ «እስቲ ድምፁን ዝቅ አድርጊው» አልኳት። ያልገባኝን እንግሊዝኛ እየተረጎመችልኝ አሥራ አንዱንም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማን።

ሥራው ያልተለመደ ነው። ሰውየው በ1970፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ የዘፈናቸውን አሥራ አንድ ዘፈኖች ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደገና ዘፍኗቸዋል። ቀረጻው የተካሄደው ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን የያኔው አዘጋጅ ፖል ሳምዌል ስሚዝና የያኔው ጊታር መቺ አለን ዴቪስ አብረውት አሉ። በመጀመሪያው ሽፋን ላይ ዩሱፍ በእጁ የሣለው ጢማም ሰው ሻዩን ይዞ ተቀምጧል፤ ልጆች አጠገቡ ይጫወታሉ። በአዲሱ ሽፋን ላይ ያው ሰውዬ የጠፈርተኛ ልብስ ለብሷል፤ ቀኑም መሽቷል። ልጆቹም የዘመኑ ልጆች ሆነዋል።

በመጀመሪያ የፈራሁት ነገር ነበር። ሽማግሌ ወደ ወጣትነቱ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «እንዲህ ነበርኩ!» እያለ ይኩራራበታል፤ ወይ ደግሞ የዚያን ጊዜውን ሁሉ ረግሞ ይጥለዋል። የመጀመሪያው ለቅስ ሽማግሌ አያምርም። ሁለተኛው ደግሞ እኔ በተማሪዎቼ ፊት ስለ እርሱ ያደረግሁት ነው። አልበሙ ከሁለቱም አይደለም። የድሮ ደብተሩን ከሳጥን አውጥቶ፣ ጥሩውን እንዳለ ትቶ፣ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ የሚያርም አስተማሪ ነው የመሰለኝ።

ለምሳሌ የመጀመሪያው ዘፈን «ልጆች የት ይጫወቱ?» የሚል ጥያቄ ነው። መንገዱን ሠራን፣ ፎቁን አቆምን፣ መኪናውን አበዛን፤ ልጆችስ? ይላል መልእክቱ። በ1970 የወጣት ቅሬታ ነበር። አሁን በሽማግሌ ድምፅ ሲቀርብ ግን የአያት ጭንቀት ሆኗል። እኔ የማስተምርበት ሰፈር የነበረው ሜዳ ታጥሮ ሕንፃ ሲቆምበት ዓይኔ እያየ ነው። ከዙህር በኋላ ልጆቹ ኳሳቸውን የሚመቱት አስፋልት ዳር ነው። ስለዚህ ይህ ዘፈን ያለ ማብራሪያ ገባኝ።

ሁለተኛው ዘፈን ስለ ብርቱ ሴት ነው። በወጣትነቱ የማትሸነግለውን፣ ሲያጠፋም የምትገሥጸውን ሴት እየፈለገ ዘፍኖ ነበር። አሁን ቃሉን ለወጠው፤ «አገኘኋት» አለ። በ1979 ያገባት ባለቤቱ ዛሬም አብራው መሆኗን ለሚያውቅ አድማጭ ይህች የአንድ ቃል እርማት ብዙ ትናገራለች። ልጄ ይህን ስትተረጉምልኝ እናቷ ከጓዳ፣ «እንዲህ የሚል ወንድም አለ?» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን።

ሁሉም ግን ተሳክቶለታል አልልም። «ዋይልድ ወርልድ» የሚለው ዝነኛ ዘፈኑ ወደማይመለስበት መንገድ ለምትሄድ ወዳጅ የተነገረ ስንብት ነበር። በአዲሱ ዜማው የድሮ ዘመን የአውሮፓ ሻይ ቤት ጨዋታ መስሏል። ጨዋታው ያስደስት ይሆናል፤ ነገር ግን ኀዘኑ ጠፍቷል። ሰው የድሮ ቁስሉን ሲያስታውስ ፈገግ ማለቱ የሚያስነውር ባይሆንም፣ አድማጩ ቁስሉ የት እንደነበረ እንዳያይ አድርጎ መሸፈን ግን ሥራውን ይጎዳል። ሌላው ስለ ረጃጅም ጀልባዎች የሚያወሳው ዘፈን ነው። ብራዘር ዓሊ የተባለ አሜሪካዊ ሙስሊም ራፐር መሀል ላይ ገብቶበታል። ልጄ ወደደችው። ለእኔ ግን አንድ ሰው በረጋ መንፈስ ሲያወራ ሌላው በር ከፍቶ የገባ ያህል ሆነብኝ። ምናልባት የዕድሜዬ ጉዳይ ይሆናል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ለማወቅ በመንገድ ላይ» የሚል ትርጉም ያለው ዘፈን አለ። አንድ ወጣት ከቤቱ ወጥቶ እውነትን ፍለጋ ይንከራተታል። በመጨረሻም ኃጢአትን ከቤቱ አስወጥቶ መልካም መጽሐፍ እንዲያነሳ ለራሱ ይመክራል። ይህ የተጻፈው በ1970 ነው! ቁርኣን በእጁ ከመግባቱ ከዓመታት በፊት። አዲሱ ቅጂ በማሊ በረሃ ያሉ ቱዋሬጎችን አመታት በሚያስታውስ ጊታር ታጅቦ ነው የቀረበው። ልጄ ቃሉን ስትተረጉምልኝ፣ «መቼ የጻፈው ነው አልሽኝ?» ብዬ ሁለቴ ጠየቅኋት።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። እኔ ለተማሪዎቼ ስነግር የሰውየውን ሕይወት በቢላዋ ለሁለት ከፍዬው ነበር። ከ1977 በፊት ጨለማ፣ ከ1977 በኋላ ብርሃን። ሂዳያ ግን ከአላህ (ሱ.ወ) ዘንድ ሆና ሳለ፣ ባሪያው የሚፈልግበትንም መንገድ የሚያመቻችለት እርሱው ነው። ያ ወጣት በመድረክ ላይ እያለም ይፈልግ ነበር። ሕመሙም፣ ማዕበሉም፣ ጥያቄ የበዛባቸው ዘፈኖቹም የፍለጋው አካል ነበሩ። ተውበት ኃጢአትን መተው እንጂ የፈለግንበትን ልብ መካድ አይደለም። እኔ ግን ጊታሩን የሸጠበትን ቀን ብቻ ስተርክ ፍለጋውን ቆርጬ ጣልኩት። ተማሪዎቼ ደግሞ ገና በፍለጋው ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። ለእነርሱ ይበልጥ የሚጠቅማቸውን ነው የቀነስኩባቸው።

ከ1977 ወዲህ ያለውንም ቢሆን አሳምሬ ቆርጬው ነበር። በ1977 ዓ.ም ወሎን ያ ክፉ ረሃብ ሲመታ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለዚያ ረሃብ እርዳታ ለማሰባሰብ በጁላይ 1985 ለንደን ውስጥ ዌምብሌይ ስታዲየም በተደረገው ታላቅ ዝግጅት ላይ ዩሱፍ ለዕለቱ ያዘጋጀውን ዘፈን ሊያቀርብ መጥቶ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ሌላ ዘፋኝ ጊዜውን ስላራዘመ ሳያቀርብ ቀረ። በዚያው ዓመት ሙስሊም ኤይድ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆነ። ስለዚህ እኔ «ለዘላለም ዘጋው» ያልኩት በር ገርበብ ብሎ የኖረ ነው። የድርጅቱን ነገር ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ ዘፈኑ ግን አልነገርኳቸውም።

አሁን ለሌሊቱ እንቅልፍ የነሳኝን ላንሳ። «አባትና ልጅ» የሚለው ዘፈን ነው። ዩሱፍ ይህን መጀመሪያ ያሰበው ስለ ሩሲያ አብዮት ለሚሠራ የመድረክ ሥራ ነበር። ልጁ አብዮቱን ሊቀላቀል ይፈልጋል፤ አባቱ እርሻው ላይ እንዲቀር ይመክረዋል። አባት፣ ገና ልጅ ነህ፣ ተረጋጋ፣ አግባ፣ ይላል። ልጅ፣ መሄድ አለብኝ፣ ይላል። በ1970 ወጣቱ ድምፁን አንዴ አወፍሮ አንዴ አቅጥኖ ሁለቱንም ሆኖ ዘፈነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ አባት እውነተኛ አባት አልነበረም፤ ልጅ የሚያስበው ዓይነት አባት ነበር።

በአዲሱ አልበም አባቱን የዘፈነው ሽማግሌው ዩሱፍ ነው። ልጁን የዘፈነው ደግሞ በ1970 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትሩባዶር በተባለ ቤት ሲዘፍን የተቀረጸው የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት ነው። የአንድ ሰው ሁለት ድምፅ፣ በመካከላቸው ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል። ሽማግሌው ይመክራል፤ ወጣቱ አይሰማም። ወጣቱ ያማርራል፤ ሽማግሌው አይመልስም። በመዝገብ ያለ ድምፅ ሊመልስለትም አይችል። አባቱ የሚመክረው ልጅ ራሱ እንደነበረ፣ ልጁም ሄዶ ያ አባት እንደሆነ እየሰማን ነው። ቅንብሩ ምንም አልተጋነነም። እንዳለ ተወው። ከአልበሙ ሁሉ የበለጠብኝ ይኸኛው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ወደ አረብ አገር ልሂድ ካለ ዓመት ሆነው። ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል በባሕር ተሻግረዋል፤ የደረሰም አለ፣ ወሬው የጠፋም አለ። እኔ ሁልጊዜ የምመልስለት አንድ ነው። «ተረጋጋ። ገና ልጅ ነህ። ከዚህ ሆነህም ትሠራለህ።» እርሱም ይሰማኛል፤ ከዚያ ይነሳና ይወጣል።

ዘፈኑ ሲያልቅ አባቴ ትዝ አለኝ፤ አላህ ይዘንለትና። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ኪታብ ለመቅራት ደረሳ ሆኜ ልሂድ ስለው ያለኝ ያንኑ ነው። «በሬው አለ፣ መሬቱ አለ፤ ተቀመጥና አግባ።» እኔ ግን አንድ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግጄ፣ አንድ ጋቢና ቁራሽ ዳቦ ይዤ፣ ሳልሰናበተው ወጣሁ። ሁለት ዓመት አላየሁትም። ስመለስ አልተቆጣኝም፤ «ምን ቀራህ?» ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር። እርሱ የሚያውቀው ኡስታዝ የሆነውን አባቱን ነው፤ ያልተሰናበተውን ልጅ አያውቀውም።

በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ ጠርቼ ነገርኩት። ኪታብ ፍለጋና ባሕር መሻገር አንድ አለመሆናቸውንም ሳልሸሽግ ነገርኩት። እኔ የወጣሁበት መንገድ ላይ ሞት አልነበረም፤ እርሱ የሚያስበው መንገድ ላይ ግን አለ። ብዙ ዝም አለና፣ «አባ፣ አያቴ ምን አለህ ስትመለስ?» አለኝ። «ምን ቀራህ፣ ነው ያለኝ» አልኩት። ሌላ አልተነጋገርንም። እስካሁን አልሄደም፤ ሐሳቡንም አልተወም። በሕጋዊ መንገድ የሚሄድበትን አብረን እንጠይቃለን ተባብለናል። አሁን ግን ሲነሳ በሩን እየዘጋ አይወጣም።

ጠቅለል ሳደርገው አልበሙ ፍጹም አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ የድሮው ይሻላል። ነገር ግን ከተመለሰ ሰው የምንማረው የጣለውን ብቻ እንዳልሆነ፣ የፈለገበትም መንገድ ትምህርት እንደሆነ ያሳያል። በመሣሪያው ጉዳይ ከእርሱ ጋር ባልስማማም በዚህ ተምሬበታለሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ስትመክሩ እናንተም አንድ ጊዜ ያ ልጅ እንደነበራችሁ ንገሯቸው። ምክራችሁ አይቀንስም።

ያ በአንድ ጥያቄ ያሳፈረኝን ተማሪ ባገኘው ደግሞ፣ «አዎን፣ ጊታሩን እንደገና ይዟል። ና ተቀመጥ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። ያን ቀን መልሴ ይህ መሆን ነበረበት።

አላህ (ሱ.ወ) የሚፈልጉትን ልጆቻችንን ወደ መልካሙ ይምራቸው፤ በባሕርና በበረሃ ያሉትንም ይጠብቃቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።